የአርሲ መንገደኛና የባዕድ አገር የመግቢያ ፈቃድ

ሰው ከተወለደበት ቀዬ ሲነሣ ከስንቁና ከበትሩ በቀር ሌላ ነገር የማይጠየቅበት ዘመን እንደ ነበረ ከሽማግሌዎች እንሰማለን። የአርሲ ደጋ ሰው ለዚያራ ወደ ባሌ፣ ወደ ድሬ ሼኽ ሑሴን፣ ሲወርድ ጫፉ ባላ የሆነ በትሩን ይዞ፣ በየመንደሩ እንደ እንግዳ እየተቀበሉት ይጓዝ ነበር እንጂ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በኪሱ አልያዘም። ዛሬ የዚሁ ደጋ ልጅ ወደ ጂዳ ወይም ወደ ሮተርዳም ለመሄድ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ እንቅልፍ የሚነሣው የወረቀቱ ነገር ነው። ስለ ቪዛ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ገና ለመሄድ የሚሻው ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ግን ሌላውን፣ ማለትም ቀድሞ ሄዶ በሰው አገር ተቀምጦ የሚሠራውንና በሕግ ደጋግሞ የሚመላለሰውን ነው። ሕጉ በጠበቀ ቁጥር ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ይህ ሰው መሆኑን የአርሲ ታሪክ በሚገባ ያሳያልና።

አሰላ ራስዋ የውጭ አገር ሰዎችን ተቀብላ ያኖረች ከተማ ናት። በ1960 ዓ.ም. ግድም በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ የሚባለው፣ ሲቋቋም ዋና ጽሕፈት ቤቱ በአሰላ ሆነ፤ የስዊድን ባለሙያዎችም መጥተው በጭላሎ ተራራ ግርጌ ሰፈሩ። ዘመኑን የሚያስታውሱ አረጋውያን የእነርሱን የስንዴ ዘርና የወተት ላም እስከ ዛሬ ያነሣሉ። እነዚህን እንግዶች ያመጣቸው መንግሥት ከመንግሥት ጋር የተዋዋለው ውል ስለ ነበረ፣ ዋሳቸው ውሉ ነበር ማለት ይቻላል። ከጊዜ በኋላ ከአርሲ ወደ ውጭ የወጣው ሰው ግን ዋሱ አንድ ግለሰብ ሆነ። የልዩነቱ ሥር ከዚህ ይነሣል።

ከዚያ በፊት ግን በራሳችን በር ላይ የነበረውን መዝጊያ ሳንጠቅስ ብናልፍ ፍርዳችን የተዛባ ይሆናል። በደርግ ዘመን ኢትዮጵያዊ ከአገሩ ለመውጣት የባዕድ ኤምባሲ ከመጠየቁ አስቀድሞ ከገዛ መንግሥቱ የመውጫ ቪዛ ማግኘት ነበረበት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣትና ወደ አገሩ የመመለስ መብት እንዳለው ደነገገ። በሩ በዚህ በኩል ሲላላ ብዙ ወጣቶች፣ ይልቁንም ሴቶች፣ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገሮች ጎረፉ፤ ከወሎና ከጅማ ጋር አርሲም ብዙ ልጆቿን ከሚልኩት አውራጃዎች አንድዋ ሆነች።

በሳዑዲ ዐረቢያ የሚሠራ እንግዳ የመኖሪያ ፈቃድ ኢቃማ ይባላል። ይህ ፈቃድ የሚሰጠው ካፊል በሚሉት አሠሪ ዋስትና ሲሆን፣ በእርሱ ስም የገባው ሰው ለእርሱ ብቻ እንዲሠራ ግድ ነው። ለዕረፍት ወደ አገሩ መጥቶ ለመመለስ የመውጫና የመመለሻ ቪዛ ያሻዋል፤ ይህም በካፊሉ ፈቃድ የሚገኝ ነበር። በዚህ ሥርዓት እናቱ የሞተችበት ሰው ለቅሶ መድረሱን የሚወስንለት ሌላ ሰው ነበር። የሆነ ሆኖ ብዙ ካፊሎች ስማቸውን አውሰው ሠራተኛውን በሌላ ቤት ያሠሩት ነበር፤ ሠራተኛውም ለካፊሉ የተወሰነ ገንዘብ እየከፈለ ይኖር ነበር። ደላሎቻችን «ፍሪ ቪዛ» እያሉ የሚሸጡት ይኸው ነው፤ ስሙ ነጻ ይባል እንጂ ነጻነት የሌለበት ነገር መሆኑ ግልጽ ነው።

በ2005 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት የሥራና የመኖሪያ ሕጉን አጥብቆ፣ ፈቃዱ የተበላሸበት ሁሉ ወይ እንዲያስተካክል ወይ እንዲወጣ የምሕረት ጊዜ ሰጠ። ጊዜው አንድ ጊዜ ከተራዘመ በኋላ አልቆ ከጥቅምት 25 ቀን 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ፍተሻው ተጀመረ፤ በጥቅምት ወር መጨረሻም ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሪያድ ከተማ በመንፉሓ ሰፈር የሆነውን ግጭት የማያስታውስ የለም። በመጀመሪያ ይመለሳሉ ተብሎ የተገመተው 30,000 ያህል ሰው ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የተመለሰው ግን ከ160,000 በላይ ሆነ።

ያን ጊዜ ይህ ጸሐፊ በአርሲ በአንድ ጽሕፈት ቤት አዲስ ተቀጣሪ ስለ ነበር ተመላሾችን እንዲመዘግብ ታዘዘ። ቅጹ ስምን፣ ዕድሜን፣ የመጡበትን ከተማ ካስጻፈ በኋላ «የመኖሪያ ፈቃድ፦ ነበረው/አልነበረውም» የሚል ዓምድ ነበረው። ከዕለታት አንድ ቀን ዘጠኝ ዓመት በሪያድ የኖረች፣ በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ ሴት መጣች። በእነዚያ ዓመታት ሦስት ጊዜ ለዕረፍት መጥታ ሦስት ጊዜ ተመልሳለች፤ በመጀመሪያው ዕረፍትዋ ለአባትዋ ቆርቆሮ ክዳን ቤት አሠርታለች፣ በሁለተኛው ወንድምዋን ድራለች። ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ኢቃማዋን አወጣችና በጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው።

«ወንድሜ፣ እስኪ አንብብልኝ፤ ይህ ወረቀት ቀኑ አልፏል ወይ?» አለችኝ።

ብመለከተው ገና ሦስት ወር ቀርቶታል። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው አሠሪ ግን በተያዘችበት ቤት የሚኖረው ሰው አልነበረም። ወረቀቱ ሕያው ሆኖ ሳለ እርስዋ ሕገ ወጥ ተብላ፣ አሻራዋን ሰጥታ፣ የወር ደመወዝዋንና የልብስ ሻንጣዋን ትታ ተባርራለች። እኔም «እኅቴ፣ ቀኑስ አላለፈም» ብዬ መለስሁላት። «እንግዲያስ እመለሳለሁ» አለች። አሻራ የሰጠ ሰው እንደማይመለስ ልነግራት አፌ አልታዘዘልኝም። በቅጹም ላይ «ነበረው» የሚለውን አከበብሁ።

ከዚህ የምንረዳው ጥብቅ ሕግ በየብስ ሾልኮ የገባውንና በአውሮፕላን በቪዛ ገብቶ ዓመታት ያገለገለውን በአንድ ወንፊት እንደሚያበጥር ነው። ሾልኮ የገባው እንደ ገና ሊሾልክ ይችላል፤ ስሙ በመዝገብ ያለው ግን መዝገቡ ራሱ ይይዘዋል። መንግሥት ሁሉ በድንበሩ ላይ ሥልጣን እንዳለው አንክድም፤ ክርክራችን ሕጉ የሚመታው ያነጣጠረበትን አለመሆኑ ላይ ነው።

በዚያው በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የእኛም መንግሥት ዜጎች ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች እንዳይሄዱ ከለከለ፤ ክልከላው እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። አሳቡ ዜጋን ለመጠበቅ ነበር። ነገር ግን በኤጀንሲና በአውሮፕላን ይሄዱ የነበሩት ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ኦቦክ ዳርቻ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን የሚወስደውን መንገድ ያዙ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ለሚሄደው ሰው 18 ዓመት መሙላትንና 8ኛ ክፍል ማጠናቀቅን ጠየቀ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ አዋጁ ተሻሻለ። ከአምስተኛ ክፍል አቋርጣ ቤተ ሰብዋን የምትረዳ የገጠር ልጅ የስምንተኛ ክፍል ማስረጃ ከወዴት ታመጣለች ብሎ የጠየቀ ሰው በዚያ ጊዜ ብዙ አልሰማሁም።

በሳዑዲ ለቀሩትም ቢሆን ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከመስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ጀምሮ የቪዛ ክፍያ ከፍ አለ። የመውጫና መመለሻ ቪዛ ለሁለት ወር 200 ሪያል፣ ከዚያ በላይ ለሚቆይ ለእያንዳንዱ ወር 100 ሪያል ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሐጅ ወይም ለዑምራ የሚመጣውን መንግሥቱ ክፍያውን ሲሸፍንለት፣ ደግሞ የሚመለሰው 2,000 ሪያል እንዲከፍል ተደረገ፤ ይህ የኋለኛው ክፍያ ከሦስት ዓመት በኋላ ተነሥቷል። ደጋግሞ መምጣት በራሱ እንደ ጥፋት የተቆጠረ ይመስላል። ከሰኔ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አንሥቶ ደግሞ በአባወራው ኢቃማ ሥር ለሚኖር ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ በወር 100 ሪያል ተጣለ፤ በየዓመቱም መቶ መቶ እየጨመረ 400 ደረሰ። ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉት ሰው በመጀመሪያው ዓመት 4,800 ሪያል፣ በአራተኛው 19,200 ሪያል ይከፍላል ማለት ነው። በጂዳ ተወልደው ዐረብኛ የለመዱ ልጆች በድንገት ወደ አያቶቻቸው አገር ተልከው፣ አፋን ኦሮሞም ዐማርኛም አጥርተው ሳያውቁ ከእኩዮቻቸው ጋር እንዲማሩ የሆነው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። አስተማሪዎች ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

አሁን ደግሞ ፊታችንን ከአሰላ ወደ ደቡብ፣ ወደ በቆጂ እንመልስ፤ ከዚህች ከተማ የሚወጣው መንገደኛ ሌላ ዓይነት ነውና። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ካሸነፈችበት ጊዜ ወዲህ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያበቀለችው በቆጂ በየዓመቱ ወጣቶችን ወደ አውሮፓ ጎዳናዎች ትልካለች። እነዚህ በባዕድ አገር የሚቀመጡ አይደሉም፤ ሮጠው ይመለሳሉ፣ ተመልሰውም ይሄዳሉ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ባሠራው ደንብ መሠረት ቪዛውን አክብሮ ደጋግሞ ለተመለሰ ሰው መጀመሪያ የአንድ፣ ቀጥሎ የሁለት፣ በመጨረሻም የአምስት ዓመት የብዙ ጊዜ መግቢያ ይሰጥ ነበር። ይህ ለታማኝ ተመላላሽ የተሰጠ ዋጋ ነው፤ በእኔ አስተያየትም መልካም ደንብ ነበር።

ይሁን እንጂ ኅብረቱ ያለ ፈቃድ የተቀመጡ ዜጎቿን በመቀበል ረገድ ኢትዮጵያ በቂ ትብብር አላደረገችም በማለት፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን የብዙ ጊዜ መግቢያ እንዳይሰጥ ወሰነ፤ በ15 ቀን ያልቅ የነበረውንም የማመልከቻ ምርመራ ወደ 45 ቀን አራዘመ፤ ከማስረጃ ነጻ የማድረጉንም ልማድ አስቀረ። ሁለቱ ወገኖች ስለ ተመላሾች አቀባበል የተስማሙት በ2010 ዓ.ም. ነበር። የክርክሩ ርእስ ያልተመለሰው ሰው ሆኖ ሳለ ውሳኔው የወደቀው በተመለሰው ላይ ነው። አንድ ሯጭ ቢጎዳ በቦታው ሌላ ሯጭ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ይጠራል፤ 45 ቀን የሚጠብቅ ግን የለም። ፓስፖርቱ በአንድ ኤምባሲ ውስጥ ሳለም ለሌላው ውድድር ማመልከት አይቻልም። በስቶክሆልም የሚኖር ልጃቸውን በየዓመቱ የሚጠይቁ እናትም እንደዚሁ በየጊዜው አዲስ ማመልከቻ፣ አዲስ የባንክ ወረቀት፣ አዲስ አሻራ ይጠየቃሉ። ቀድሞ በመታመን የተገኘው ሁሉ ወደ መጀመሪያው ሰሌዳ ይመለሳል። አንዴ የገባ ሰው ዳግመኛ መግባቱን ሲጠራጠር መውጣትን እንደሚፈራ ለማወቅ ደግሞ ብዙ ምርምር አያስፈልግም።

የሳዑዲ መንግሥት ከመጋቢት 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ የውጭ ሠራተኞች ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ መውጣትና መመለስ እንዲችሉ ደንቡን አሻሽሏል። ከዚህ ማሻሻያ ውስጥ የቤት ሠራተኞች አልተካተቱም።

ያችን ሴት ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ በአሰላ ገበያ አይቻታለሁ። በሁለተኛው ጊዜ እርስዋው ጠርታኝ ስለ ወረቀትዋ ጠየቀችኝ፤ «በመዝገባችሁ ላይ ምን ብለህ ጽፈህልኝ ነበር?» አለችኝ። «ነበረው» ብዬ እንደ ጻፍሁ ነገርኋት። የበላዬ የነበረው ሰው ከሳምንት በኋላ መዝገቡን ሲያይ በቀይ ቀለም ሰርዞ «አልነበረውም» ማለቱን ግን አልነገርኋትም።