18 ሳይሞላ ከቤት መውጣት፦ ሕጉ የከፈታቸውና የዘጋቸው በሮች

ሰሞኑን ሁለት ሦስት ተማሪዎች በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ላኩልኝ። «መምህር፣ 16 ዓመቴ ነው። ከቤት ወጥቼ ለብቻዬ መኖር ሕጉ ይፈቅድልኛል?» አንዷ ጨምራ «ካገባሽ ነፃ ትወጫለሽ ይሉኛል» አለችኝ። አጭሩ መልስ፦ በራስ ፈቃድ ብቻ ወጥቶ መኖርን ሕጉ አያውቀውም፤ ቤቱ የሚጎዳችሁ ከሆነ ግን ሌላ መንገድ አለ። ያቺ «ካገባሽ» የምትለዋ ቃል ግን የራሷ ታሪክ ስላላት ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ትዕግሥት ያላችሁ አንብቡ።

18 የሚለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም። በእንግሊዝ ለብዙ ዘመን አካለ መጠን የሚባለው 21 ነበር። ወደ 18 የወረደው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ኬንያ የቅኝ ገዢዋን 21 ይዛ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1974 ለወጠችው፤ ፈረንሳይም በዚያው ዓመት። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ሲታወጅ ቀድሞውኑ 18 ብሎ ጽፎ ነበር። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የራሳቸው አገር እኛ ጋ ለመድረስ 14 ዓመት ፈጀባት!

ግን ቶሎ አንኩራ። ያው ሕግ የልጁን መኖሪያ የሚወስነው አሳዳሪው ነው ይላል። ልጁ ያለ አሳዳሪው ፈቃድ ከዚያ ቤት መውጣት አይችልም፤ ከወጣም አሳዳሪው እንዲመለስ ሊያስገድደው ይችላል። ከ18 በፊት ነፃ የሚያወጡት በሮች ሁለት ነበሩ። አንዱ የቤተ ዘመድ ጉባኤ ነው፤ ልጁ 15 ዓመት ከሞላው ጉባኤው ራሱን እንዲያስተዳድር ሊፈቅድለት ይችል ነበር። ሁለተኛው ጋብቻ ነው። ያገባ ልጅ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን አካለ መጠን እንዳደረሰ ይቆጠራል።

አሁን ይህንን ከጋብቻ ዕድሜው ጋር አያይዙት። በ1952ቱ ሕግ ወንድ በ18፣ ሴት በ15 ዓመት ማግባት ይችሉ ነበር። ከባድ ምክንያት ካለ ንጉሠ ነገሥቱ ወይም የወከሉት ሰው እስከ ሁለት ዓመት ሊቀንሱ ይችላሉ። ስለዚህ በጋብቻ በር ከ18 በፊት የምትወጣው በአብዛኛው ሴት ልጅ ነበረች። ወጥታስ ወዴት? ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፣ የጋራ መኖሪያውንም የሚመርጠው ባል ነው ይላል ያው መጽሐፍ። የ15 ዓመቷ ልጅ አባቷ ከወሰነላት ቤት ባሏ ወደመረጠላት ቤት ትሄዳለች፤ ሕጉ ይህንን «ነፃ መውጣት» ብሎ መዝግቦታል። እኔ ይህንን ክፍል ለተማሪዎቼ ሳስተምር ወንዶቹ ይስቃሉ፣ ሴቶቹ ግን አይስቁም።

ለውጡ የመጣው ከ40 ዓመት በኋላ ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ካደረገው ብርቱ ጉትጎታ በኋላ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፣ የባል ራስነት ቀረ፣ መኖሪያውን ባልና ሚስት አብረው እንዲመርጡ ተደረገ፣ የቤተ ዘመዱም ሥልጣን ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ሆኖም ጋብቻ ነፃ ያወጣል የሚለው አንቀጽ አልተነሣም፤ በልዩ ፈቃድ ሁለት ዓመት የመቀነሱ ነገርም ቀርቷል ማለት አይደለም፣ ሥልጣኑ ለፍትሕ ሚኒስቴር ተሰጠ እንጂ። (ይህ የፌዴራሉ ሕግ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸው አላቸው።) እንግዲህ «ካገባሽ ነፃ ትወጫለሽ» የሚሏት አክስቶች ከሜዳ ተነሥተው አይደለም። ያደጉበት ሕግ እንደዚያ ይል ነበር።

እኛ ግን አሁን ያለነው ኬንያ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 12 የስደተኛ የግል ሁኔታ፣ ማለትም አካለ መጠን፣ ጋብቻና የመሳሰለው፣ የሚገዛው በሚኖርበት አገር ሕግ ነው ይላል። ከአገር ቤት ተሸክመነው የመጣነው ሕግ እዚህ ለዚህች ልጅ አይሠራም። የኬንያ የጋብቻ ሕግ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከ18 በታች ማንም አያገባም ይላል፤ የአባት ፈቃድም፣ የሽማግሌ ምርቃትም አይለውጠውም። የ16 ዓመት ልጅ ብታገባ ነፃ ወጣች አይባልም፤ ልጅነቷ እንዳለ ነው፣ ዳሪዎቿ ግን በወንጀል ይጠየቃሉ።

ታዲያ የቱ በር ቀረ? የኬንያ የሕፃናት ሕግ በቤት ውስጥ ጥቃት የሚደርስበትን ወይም ያለ ዕድሜው ሊዳር የተሰናዳበትን ልጅ «እንክብካቤና ጥበቃ የሚያስፈልገው» ይለዋል፤ አጥፊ አይለውም። እ.ኤ.አ. በ1990 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ ሕፃናት ቻርተርም ከቤተሰቡ የተለየ ልጅ ልዩ ጥበቃና ምትክ ቤተሰብ እንዲያገኝ ያዛል። ልዩነቱን ልብ በሉ፦ እነዚህ ሕጎች ልጁን ከቤት ሊያወጡት ይችላሉ፤ የሚያወጡት ግን ወደ ሌላ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው እጅ ነው። ለብቻው ቤት ተከራይቶ እንዲኖር አይደለም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ወደ ሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ስትሄዱ «ከቤት መውጣት እፈልጋለሁ» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። እንደዚያ ካላችሁ ከወላጅ ጋር ተጣልቶ የመጣ ልጅ ትመስላላችሁ፣ አስታርቀው ይልኳችኋል። የሚደርስባችሁን ነገር፣ ማን እንደሚያደርገው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ተናገሩ። ሊድሯችሁ ከሆነ ቀኑንም ጭምር። ቢሮ መሄድ የማትችሉ 116 ደውሉ፤ የኬንያ የሕፃናት የእርዳታ መስመር ነው፣ ሌሊትም ይሠራል፣ ሒሳብ አይቆርጥም።