ንቅናቄው፣ ቃላቱና አርብቶ አደሩ

ስለ አብዮቱ ዘመን የግራ ድርጅቶች በሚጻፉ ጽሑፎች ዘወትር የሚነሡት ኢሕአፓና መኢሶን ናቸው። የአፋር ብሔራዊ ነጻነት ንቅናቄ ግን እምብዛም አይወሳም።

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ሱልጣን አሊሚራህ በዚያው ዓመት አገር ለቀው ወጡ፤ ደጋፊዎቻቸውም በአፋር ነጻ አውጪ ግንባር ስም ነፍጥ አነሡ። የተማሩ ወጣቶች ያሉበት ግራ ዘመሙ ንቅናቄ ግን፣ በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የታወጀው የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም በሰጠው የራስ ገዝ አስተዳደር ተስፋ፣ ከደርግ ጎን ቆመ። ተስፋው «የአሰብ ራስ ገዝ» ተብሎ መልክ የያዘው በ1980 ዓ.ም. ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የቃላቱ ነገር ነው። «ጭሰኛ»፣ «ላብ አደር»፣ «ወዝ አደር» የሚሉት ቃላት ለተንዳሆ ጥጥ ለቃሚ ይስማሙ ይሆናል፤ መሬቱ የጎሣው የጋራ ለሆነው ግመል አርቢ ግን ባዳ ነበሩ። የጥጥ እርሻው በበጋ የሚሰማራበትን የአዋሽ ዳር ግጦሽ ወስዶበታል። እርሻው ሲወረስም የመንግሥት ሆነ እንጂ ግጦሹ ለእርሱ አልተመለሰለትም። ይህን በደል የሚሰይም ቃል በአብዮቱ መዝገበ ቃላት ውስጥ አላገኘሁም።

ስለዚህ ከአዋሽ እስከ ሰመራ ይህን ታሪክ የሚያጠና ተማሪ በአማርኛ የተጻፈውን መግለጫ ብቻ ይዞ ሊፈርድ አይገባም። ወሬ በዳጉ የሚቀባበለው ሕዝብ ዘመኑን በአፋርኛ በምን ቃል እንደ ጠራው ይጠይቅ።