ቀጭን አየር፦ የአዲስ አበባ መኪና ታሪክ ከጉለሌ ዳገት ሲታይ

ሽሮ ሜዳ ቆማችሁ ወደ እንጦጦ የሚወጣ መኪና አድምጡ። ታች ስድስት ኪሎ ላይ ያለ ችግር ይሄድ የነበረው ሞተር እዚህ ሲደርስ ማቃሰት ይጀምራል፤ ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፤ ከኋላ ጥቁር ጭስ ቡልቅ ይላል። ያደግኩት ጉለሌ ስለሆነ ይህን ድምፅ ከቤተ ክርስቲያን ደወል እኩል አውቀዋለሁ። "መኪናው አርጅቶ እኮ ነው" ይላል የሚያየው ሁሉ። ልክ ሊሆን ይችላል። ዳገቱም የራሱን ያደርጋል። ግን አንድ የማይታይ ነገር አለ፤ እሱም አየሩ ነው።

መኪና የሚበላው ቤንዚን ይመስለናል። በክብደት ብትመዝኑት ግን አብዛኛው ምግቡ አየር ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። 1 ሊትር ቤንዚን ለማቃጠል ባሕር ጠረፍ ላይ ወደ 9 ሺህ ሊትር አየር ይበቃል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ወደ 12 ሺህ ሊትር ያስፈልጋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ሳስቷል፤ ግፊቱ ከጅቡቲው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እንጦጦ ማርያም ጋ ስትደርሱ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ የአየሩም ግፊት ወደ 70 ከመቶ ይወርዳል።

ሯጮቻችን ይህን ያውቁታል። ኃይሌ ገብረሥላሴን የመሰሉ አትሌቶች እንጦጦ ጫካ ውስጥ የሚሮጡት ሳንባና ደማቸው ከቀጭን አየር ጋር እንዲለማመድ ነው። የሰው ገላ ትንሽ ሳምንት ከሰጡት ቀይ የደም ሴሉን ጨምሮ ይላመዳል። የድሮ ሞተር ግን አይላመድም። የሚያላምደው ሰው ያስፈልገዋል። እንግዲህ የአዲስ አበባ መኪና ታሪክ፣ እኔ እንደማየው፣ ባሕር ጠረፍ ላይ እንዲተነፍስ የተሠራ ማሽን ተራራ ላይ ሲኖር የሆነው ነገር ታሪክ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለች መኪና ከጅቡቲ ወገን፣ የመኪና መንገድ በሌለበት አገር አሳልፎ ለዐፄ ምኒልክ አመጣ። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ናኬ የተባለች ሌላ መኪና ይዞ መጣ። ስለ በረሃውና ስለ ገደሉ ብዙ ተወርቷል። ሞተሩ ላይ የደረሰው ግን ብዙም አይወራም። የሞተርን ጉልበት በፈረስ እንለካለን አይደል? ከባሕር ዳር አራት ፈረስ ይዛ የተነሣች መኪና አዲስ አበባ የምትገባው ሦስቱን ብቻ ይዛ ነው። አንደኛው ፈረስ በአየሩ መሳሳት መንገድ ላይ ቀርቷል። ደግነቱ ቤተ መንግሥቱ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃው ሜዳ መውረድ ጀምሮ ነበር። እላይ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ያቺ መኪና ሌላም ጉልበት ትገብር ነበር።

መኪና በብዛት የመጣው፣ ከእሱም ጋር የጋራዥ ቋንቋችን የገባው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። ጣሊያን ተባረረ፤ ቃላቱ ግን ኮፋኖ ስር ተደብቀው ቀሩ። ዛሬም አንድ ልጅ ጋራዥ ገብቶ ሙያ ሲለምድ መጀመሪያ የሚሰማው ፊልትሮ፣ ካርቡራቶር፣ ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፑንቲና፣ ማርሚታ፣ ብሎን፣ ካቻቢቴ ነው። እነዚህን ቃላት በቅደም ተከተል ብትደረድሯቸው የሞተሩን ትንፋሽ ከመግቢያው እስከ መውጫው ይነግሯችኋል።

አየሩ በፊልትሮ አቧራውን አራግፎ ይገባና ካርቡራቶር ውስጥ በጠባብ ጉሮሮ ያልፋል። ጠባብ ቦታ ላይ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፤ በዚያ ምክንያት ቤንዚኑ ከቀጭን ቀዳዳ ተስቦ ይወጣና ከአየሩ ጋር ይደባለቃል። ድብልቁን ፒስተኑ ስቦ ያስገባዋል፤ ይጨምቀዋል፤ ካንዴላው እሳት ይሰጠዋል፤ ፍንዳታው ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ የተቃጠለው ደግሞ በማርሚታ ይወጣል። መሳብ፣ መጭመቅ፣ መፈንዳት፣ መተንፈስ፦ አራት ምት። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ካንዴላ በሰከንድ 25 ጊዜ እሳት ይጭራል። ለዚያ እሳት ከባትሪው የምትመጣው 12 ቮልት አትበቃም። ፑንቲናው በተከፈተ ቁጥር ቦቢናው ከ20 ሺህ ቮልት በላይ አድርጎ ይወረውራታል።

ችግሩ ያለው ካርቡራቶሩ ጋ ነው። እሱ የሚሰማው የአየሩን ፍሰት እንጂ አየሩ ሳስቶ እንደሆነ በደንብ አይለይም። ስለዚህ ባሕር ጠረፍ ላይ የለመደውን ያህል ቤንዚን መስጠቱን ይቀጥላል። ውጤቱ? ቤንዚን የበዛበት፣ አየር ያነሰው ድብልቅ። ነዳጅ ይባክናል፣ ጉልበት ይጠፋል፣ በማርሚታው ያልተቃጠለ ቤንዚንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል።

የእኛ መካኒኮች ሙያ የሚታየው እዚህ ጋ ነው። ካንዴላውን ይፈቱና ጫፉን እንደ ሐኪም ምላስ ያያሉ። በጥላሸት ከጠቆረ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ነጭ ከሆነ አየር በዝቶበታል፤ ቡኒ ከሆነ ጤነኛ ነው። ከዚያ ብሎኑን በካቻቢቴ ሩብ ዙር ያህል ያዞራሉ፤ ወይም ቀዳዳዋን በጠበበች ይቀይሯታል። ሳስቶ የገባ ድብልቅ ቀስ ብሎ ስለሚቃጠል እሳቱ ትንሽ ቀደም ብሎ እንዲጫር ያደርጋሉ። መለኪያ መሣሪያ ሳይኖር በጆሮ! አገር ውስጥ የገባ እያንዳንዱ ቮልስ፣ እያንዳንዱ ፊያት፣ በኋላም እያንዳንዱ ላዳ እንዲህ ባለ እጅ ነው ደጋ የለመደው።

ነዳጁስ? እሱ የራሱ ፖለቲካ አለው። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ የአረብና የእስራኤል ጦርነት የዓለምን የነዳጅ ዋጋ ሰቀለው። የራሳችን ማጣሪያ አሰብ ላይ፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ድፍድፉ ግን ከውጭ ነው የሚመጣው። መንግሥት የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ገደማ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። መምህራንም አድማ ላይ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ዋጋውን ቢያስቀንሱም አልበቃም፤ ያው የካቲት ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ። አብዮቱን ያመጣው ቤንዚን ብቻ ነው አልልም። የመሬት፣ የረሃብና የወታደሩ ጥያቄ ነበረ። ግን ታክሲ ነጂው ከሁሉም ቀድሞ የሚያውቀው የሊትር ዋጋ ነው። አየሩ ቀጭን በሆነበት ከተማ፣ ካርቡራቶሩ ካልተስተካከለ በስተቀር፣ እያንዳንዱ ሊትር አጭር መንገድ ነው የሚሄደው።

በማርሚታው የሚወጣው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ቶማስ ሚድግሌይ የተባለ አሜሪካዊ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ሲጨመር ሞተር መንኳኳቱን እንደሚተው አገኘ። መንኳኳት ማለት ድብልቁ ሲጨመቅ ከጊዜው ውጭ መፈንዳቱ ነው። ዓለም ሁሉ ይህን ቤንዚን ለአሥርት ዓመታት ነዳ፤ እርሳሱ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። እዚህ ላይ እኔን የሚያበሳጨኝ ነገር አለ። አየሩ ሳስቶ ሲገባ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅ ስለሚል፣ ካርቡራቶር ያለው ሞተር ደጋ ላይ የመንኳኳት ዕድሉ አነስተኛ ነው። ማለትም አዲስ አበባ ለዚያ እርሳስ ከብዙ የዓለም ከተሞች ያነሰ ፍላጎት ነበራት። መርዙን ግን እኩል ተነፈሰች። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ ያለውን ቤንዚን እ.ኤ.አ. እስከ 2005 መጨረሻ ተሰናበቱት። የመጨረሻዋ የዓለም አገር አልጄሪያ ናት፤ እሷም ያቆመችው በ2021 ነው።

ናፍጣ ካንዴላ አይፈልግም፤ አየሩ ራሱ በመጨመቅ ብቻ ግሎ ያቀጣጥለዋል። ግን የድሮው ፓምፕ ከፍታ ስለማያውቅ ያንኑ ያህል ናፍጣ ይረጫል። ያልተቃጠለው ጥቁር ጭስ ይሆናል፤ የሽሮ ሜዳ ዳገት ጭስ አንዱ ምንጭ ይህ ነው። ለዚህ መፍትሔ የሆነው ቱርቦ የራሱን የተራራ ፈተና አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ መሐንዲስ የአውሮፕላን ሞተር ከነቱርቦው 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው የአሜሪካ ፓይክስ ፒክ ተራራ አውጥቶ ሞከረው። በማርሚታ የሚወጣው ትንፋሽ ራሱ አየር መጭመቂያውን ያዞራል፤ ሞተሩ የጠፋውን አየር መልሶ ያገኛል። የኢንጀክሽን መኪኖች ደግሞ በሴንሰር አየሩን እየለኩ ነዳጁን ራሳቸው ይመጥናሉ። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ የቀረውን መርዝ ያጣራል፤ እርሳስ ያለው ቤንዚን ግን ያበላሸዋል። አሮጌ መኪና በሚበዛበት ከተማ ይህ ሁሉ ለሁሉም አይደርስም። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች መንገዱን ከእነዚያ መኪኖች ጋር ይጋራሉ፤ ሸክም ያለበት ሰው ደግሞ አየሩን በጥልቀት ነው የሚስበው።

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አቶ ዓለሙ ስሜ ኢትዮጵያ ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላ አውቶሞቢል እንዳይገባ መወሰኗን ተናገሩ። እንዲህ ያለ ክልከላ በማውጣት የዓለም የመጀመሪያዋ አገር መሆኗ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፤ ጅቡቲም እንጦጦም ለእሱ ያው ነው። አራቱም ፈረሶች ዳገቱ ጫፍ ይደርሳሉ። እሰየው ነው፤ ለሳንባችን በተለይ። ግን ካንዴላ አይቶ በሽታ የሚያውቅ፣ በጆሮው እሳት የሚያስተካክል ሰው ሙያው ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነው፤ ተማሪ ሲያጣ አብሮት ይሄዳል። ነባሮቹ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ስለሚነዱ፣ መቅረጸ ድምፅ ይዞ ጋራዥ ለመሄድ ለሚፈልግ ጊዜው አሁን ነው።

ከጣሊያን የቀሩት ቃላትም ለሁለት ይከፈላሉ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ኮፋኖ፣ ቦሎ ይቆያሉ፤ የኤሌክትሪክ መኪናም ያስፈልጉታል። ካርቡራቶር፣ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ማርሚታ ይሄዳሉ። የሚሄዱት ሁሉ የትንፋሽ ቃላት ናቸው።