ሸራውን ያወጣው ጉልበት ብቻ አልነበረም፦ ከባሕረ ሰላጤው ሙስሊም መርከበኞች ታሪክ



የመጀመሪያውን ሂጅራ ስናነሳ ሶሐቦች በመርከብ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ሐበሻ መግባታቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ሞተር በሌለበት ዘመን መርከብ ማንቀሳቀስ ምን ያህል ድካም እንደነበረው ግን ብዙዎቻችን አስበን አናውቅም። ይህን ድካም በቅርብ ማየት ለሚፈልግ ሰው የኩዌት መርከበኞች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በሸራ መርከብ ወደ ሕንድና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይመላለሱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1938 መጨረሻ አላን ቪሊየርስ የተባለ አውስትራሊያዊ መርከበኛና ጸሐፊ «በያን» በምትባል የኩዌት መርከብ ከኤደን ተሳፈረ። ነኾዳዋ፣ ማለትም ካፒቴኗ፣ ዐሊ ቢን ናስር አን-ነጅዲ ነበሩ። እስከ ዛንዚባር ተጉዘው በ1939 ኩዌት ገቡ። ቪሊየርስም ያየውን በመጽሐፍ ጻፈው።

የእነዚህ መርከቦች ሸራ የሚታሰረው በአንድ ረጅም ተሸካሚ እንጨት ላይ ነው። እንጨቱ ከብዙ ግንዶች ተገጣጥሞ በገመድ የተጠፈረ ሲሆን ርዝመቱ ከመርከቧ ጋር ይፎካከራል። ሸራውን መስቀል ማለት ይህን ሁሉ ወደ ምሰሶው ጫፍ መጎተት ማለት ነው። ክብደቱ ሳያንስ ፍትጊያውም አለ። እንጨቱ ምሰሶውን እየታከከ ይወጣል። በዚያ ላይ ሸራው ነፋስ ከያዘ እንጨቱን ከምሰሶው ጋር ያጣብቀዋል፤ ያኔ ሃምሳ ሰው ቢጎትትም ትርፉ ድካም ነው።

ስለዚህ መርከበኞቹ መጀመሪያ ፍትጊያውን ይቀንሱ ነበር። ገመዱ እንጨት ላይ እንዳይፋተግ በመዘውር ላይ ያልፋል። እንጨቱን ከምሰሶው ጋር ያቀፈው ገመድ ይላላል። ሸራው ደግሞ ተጠቅልሎ በቀላል ክር ይታሰርና ነፋስ ሳይዝ ይወጣል፤ ላይ ከደረሰ በኋላ ከታች ሲሳብ ክሩ ይበጠስና ሸራው ይዘረጋል። የሁሉም እጅ በአንድ ቅጽበት እንዲስብ ደግሞ አንዱ በዜማ ይመራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። በዕንቁ ጠላቂዎች ጀልባ ላይ ይህ መሪ «ነሃም» ይባል ነበር። የባሕሬን የዕንቁ ጠላቂዎች ዜማ «ፍጂሪ» በ2021 በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

ይሁን እንጂ ታሪኩ ዜማ ብቻ አይደለም። ጠላቂው ገና ወቅቱ ሳይጀምር ለቤተሰቡ ቀለብ ገንዘብ ይበደራል፤ ድርሻው ዕዳውን ካልሸፈነ ለከርሞ ይሻገራል። በባሕሬን በ1920ዎቹ ማሻሻያ እስኪደረግ ድረስ የአባት ዕዳ በልጅ ላይ ይወርድ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የጃፓን ሰው ሠራሽ ዕንቁ ገበያውን ሲያፈርሰው ችግሩ ባሰ። የገመዱን ሸክም ለማቅለል ይህን ያህል የተጠበበ ማኅበረሰብ ገመዱን የሚስበውን ሰው ሸክም ለማቅለል ግን ዘግይቷል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል ማዘዛቸውን እያወቀ!

ወንድሞችና እህቶች፣ በጀመዓችን ሥራ ሲከብደን «ጠንክራችሁ ሳቡ» ከማለታችን በፊት ሁለት ነገር እንይ። የሚፋተገው የቱ ጋ ነው? የሚስበው ሰውስ ሐቁን አግኝቷል? ጉልበት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አላህ ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።