በጣርማ በር መንገድ የሞተር ጥገና ሙያ

ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚያልፈውን የመኪና መንገድ ሠራ፤ ጣርማ በር ላይም 587 ሜትር ዋሻ ፈለፈለ። ወደ መንዝ የሚገባው መንገድ የሚገነጠለው ከዚሁ አካባቢ ነው። ወራሪው ሲባረር ካሚዮኖቹና የጋራዥ ሥራው ቀሩ።

ጀማሪ ሙያውን የሚማረው ከዋናው መካኒክ እጅ ነበር። ዕቃ በናፍጣ ያጥብ፣ ቁልፍ ያቀብል፣ ጎማ ይፈታ ነበር። ሞተር ማውረድ የሚፈቀድለት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነበር፤ ይህ ትዕግሥት ሊከበር የሚገባው ትምህርት ቤት ነው።

ዋናው ፈተና ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ነው። ረጅሙ ዳገት ላይ ከመጠን በላይ የጋለ ሞተር ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ያቃጥላል፤ ቴስታታውም ሊጣመም ይችላል። ብሎኖቹ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ከዳር ወደ መሐል ይፈታሉ፤ ሲገጠም ደግሞ ከመሐል ወደ ዳር፣ በየደረጃው ይጠብቃሉ። በአንድ ጊዜ አጥብቆ የዘጋ ጀማሪ ውኃው ከዘይቱ ሲቀላቀል ያያል፤ ሥራውንም እንደገና ይጀምራል።