አምቦበር ወይስ አምቦቨር?

አያቴ የተወለዱት አምቦበር ነው፤ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ያለ የቤተ እስራኤል መንደር። እኔ ነታንያ ተወልጄ ስላደግሁ ስሙን መጀመሪያ ያየሁት በዕብራይስጥ ተጽፎ ነው። «አምቦቨር» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አያቴ «ምን አገር ነው እሱ ልጄ?» አሉኝ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዕብራይስጧ ቤት ነጥቧ (ዳጌሹ) ካልተጻፈላት «በ»ም «ቨ»ም ልትሆን ትችላለች፤ አንባቢው ቦታውን ካላወቀ የመሰለውን ይመርጣል። ዛሬ ብዙዎቻችን አምቦቨር የምንለው ለዚህ ነው።

የማስተርስ ጥናቴን ስጀምር ግን ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ከጎንደር በስተሰሜን ያለችው ወለቃ በላቲን ፊደል አንዴ በ«ኬ»፣ አንዴ በ«ኪው» ትጻፋለች፤ «ቀ»ን በትክክል የሚይዝ ፊደል የለማ። ደምቢያ ውስጥ ያለችው ጀንዳ ደግሞ ባሰች። በ19ኛው መቶ ዘመን የፕሮቴስታንት ሚሲዮን ጣቢያ ስለነበረች ስሟ በብዙ ወረቀት ላይ አለ፤ ግን ጀርመኑ «ጀ»ን ለመጻፍ አራት ፊደል ይደረድራል፣ ፈረንሳዩ በ«ዲ» ይጀምራል። እኔ «ጄ» ስር ስፈልግ ሳምንት አለፈኝ። እኛም ብንሆን ጎንደርን ድሮ «ጐንደር» ብለን እንጽፍ ነበር።

ማን እንደጻፈውም ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1860 የመጣው ሄንሪ ስተርንም ሆነ የጀንዳው ማርቲን ፍላድ አያቶቻችንን ክርስቲያን ለማድረግ የመጡ ናቸው። ጆሴፍ ሃሌቪ በ1867፣ ፋይትሎቪች በ1904 የመጡት በተቃራኒው የአይሁድነታችንን ነገር ይዘው ነው። አራቱም ግን በጆሯቸው የሰሙትን በየራሳቸው ፊደል አሰፈሩ። የኛ ቄሶች በግዕዝ የሚገለብጡት በአብዛኛው ጸሎትና ቅዱሳት መጻሕፍት እንጂ የመንደር መዝገብ አልነበረም። ስለዚህ የመንደሮቻችንን ስም ወረቀት ላይ የምናገኘው በእንግዳ እጅ ነው።

እንግሊዞችም ይሄ ደርሶባቸዋል። አገሪቱን የያዙት ኖርማኖች በ1086 ባስጻፉት ትልቅ የመሬት መዝገብ ላይ የዛሬዋ ኖቲንግሃም «ስኖቲንገሃም» ትባላለች፤ ስኖት የሚባል ሰው ወገኖች መንደር ማለት ነው። ኖርማኖቹ ቃልን በ«ስን» መጀመር ስላልቀናቸው «ስ»ዋ ከጊዜ በኋላ ወደቀች። (ስኖት በዛሬ እንግሊዝኛ ንፍጥ ነው፤ ከተማዋ ተገላገለች።)

ባለፈው ዓመት የወንድ አያቴን የመቃብር ድንጋይ ስናሠራ አያቴ የመንደሩ ስም ይጻፍ አሉ። ቀራጩን ቤቷ ላይ ነጥብ እንዲያደርግ ለመንኩት። «መቃብር ላይ ነጥብ አይደረግም» ብሎ ተከራከረኝ፤ በመጨረሻ አደረገው። አያቴ ዕብራይስጥ አያነቡም። ጣታቸውን ነጥቧ ላይ አስቀምጬ አነበብኩላቸው፦ አምቦበር።

«አዎ፣ እሱ ነው» አሉ።