ጉድጓድ ከመግባታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

"አፈር ተደርምሶ የቀን ሠራተኞች ሕይወት አለፈ" የሚለው ዜና ክረምት ሲመጣ ይበዛል። ዛሬ ከዜናው በፊት መታወቅ ያለበትን አሰባስበንላችኋል።

📌 አፈር እንዴት ይገድላል?
አንድ ሜትር ኩብ አፈር እንደ ዓይነቱና እርጥበቱ ከ1.3 እስከ 1.8 ቶን ይመዝናል፤ የአንድ ትንሽ መኪና ክብደት ማለት ነው። ሰው እስከ ደረቱ ብቻ ተቀብሮ፣ ፊቱ ውጭ ሆኖም ሊታፈን ይችላል። ትንፋሽ ባወጣ ቁጥር አፈሩ ስለሚጠብቅበት መልሶ መሳብ ያቅተዋል። "ሲንቀሳቀስ ሮጬ እወጣለሁ" የሚባለው አይሠራም፤ ሁሉም ነገር በሰከንዶች ያልቃል።

📌 ምልክቶቹ
ጠርዙ ላይ ስንጥቅ፣ ከግድግዳው የሚረግፍ አፈር፣ ከታች የሚጠራቀም ውሃ። አዲስ አበባ ብዙ ቦታ ያለው ጥቁር አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል። ትናንት ደህና የነበረ ጉድጓድ ከዝናብ በኋላ ዛሬም ደህና ነው ማለት አይደለም።

📌 ከመግባታችሁ በፊት
• ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ከደረሰ ጎኑ በጣውላና በብረት መደገፍ ወይም በተዳፋት መቆረጥ አለበት። ልል አፈር ከሆነ ከዚያ በታችም ያስፈልጋል።
• የወጣው አፈር ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ማሽንና ሲኖትራክም አይጠጉ።
• መውጫ መሰላል ቅርባችሁ ይኑር።
• ብቻችሁን አትግቡ፤ ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ይኑር።

📌 ከተደረመሰ
ከባዱ ነገር ይሄ ነው፦ ጓደኛችሁ ከታች ሆኖ እናንተ አለመግባት። ግን ዘሎ የገባውን ሁለተኛ ናዳ ሊይዘው ይችላል። ማሽን አስቁሙ፣ ሰው ከጠርዙ አርቁ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939 ደውሉ፤ ቦታውንና ስንት ሰው እንደተቀበረ ንገሯቸው። በኤክስካቫተር አታስቆፍሩ፤ አካፋው ራሱ ይገድላል።

📌 መብታችሁ
በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሠራተኛን ደህንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳትም ሕክምናውን ይሸፍናል። የጽሑፍ ውል አለመኖሩ መብታችሁን አያሳጣም። ስለዚህ የፎርማኑን ስልክ ያዙ፣ ሳይቱን ፎቶ አንሱ፣ የሠራችሁበትን ቀን ጻፉ።

እናንተ ባትቆፍሩም፣ ቁፋሮ ላይ የሚውል ወንድም ወይም ጓደኛ ካላችሁ አሁኑኑ ላኩለት።